ጠመንጃ በሳሙና

በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ፈረንጆች ገናን ባከበሩ ማግስት አንድ እንግዳ የአደን ወቅት ይከፈታል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በዚህ ወቅት አጋዘን ፍለጋ ጫካ የሚገባ ሰው በባልጩት ብልጭታ የሚተኮስ ጠመንጃ መያዝ ግዴታው ነው። ባሩዱ በአፈሙዙ በኩል ይፈሳል፤ የእርሳስ ድቡልቡሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በዘንግ ወደ ታች ይጠቀጠቃል፤ ከጎን ባለችው ትንሽ ሣህን ላይ ጥቂት ባሩድ ይነሰነሳል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ይገጫል፣ ብልጭታው ሣህኗ ላይ ይወድቃል፣ እሳቱ በቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ከሰመረ ጠመንጃው ይጮኻል። ካልሰመረ "ቀጭ" ብሎ ይቀራል። አጋዘኑ ቀና ብሎ ያይና መንገዱን ይቀጥላል። ጨረቃን የረገጠ አገር በበረዶ መካከል በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መሣሪያ የሚታደንበትን ወቅት በሕግ ደንግጎ መያዙ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።

ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው ከባዱ አደኑ ይመስለዋል። ባለ ጠመንጃዎቹን ብትጠይቋቸው ግን አደኑ ብርድ ብቻ ነው ይሏችኋል፤ ሥራው የሚጀምረው ቤት ሲገባ ነው። ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘው ጎረቤት መሣሪያውን ዘይት በነካ ጨርቅ ዳበስ ዳበስ ያደርግና ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ባለ ባልጩቱ ጫማውን ሳያወልቅ ውኃ ይጥዳል።

ምክንያቱ ባሩዱ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚሠራው 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰልና 10 እጅ ድኝ ተቀላቅሎ ነው። ይህ ድብልቅ ሲነድ ሁሉም ጋዝ ሆኖ አይወጣም። ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ተኳሹ መምታት አለመምታቱን እንዳያይ ይጋርደዋል፣ የተረፈው ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል። የተለጠፈው ነገር ጥላሸት ቢመስልም ውስጡ የፖታሲየም ጨዎች አሉበት። ጨው ደግሞ ካገኘው አየር ሁሉ እርጥበት የሚስብ ፍጡር ነው። ስለዚህ "ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ አጸዳዋለሁ" ብሎ የተኛ አዳኝ ጠዋት ሲነሣ የሚያገኘው ጠመንጃ ማታ ካስቀመጠው ትንሽ ይለያል። ቀለሙ ወደ በርበሬ ማድላት ይጀምራል።

ታዲያ ጭስ አልባውን ዘመናዊ ባሩድ ለምን አይጠቀሙም? እነዚህ ቱቦዎች ለእሱ ግፊት አልተሠሩም፤ ዘመናዊ ባሩድ የጎረሰበት የአፈሙዝ ጠመንጃ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፓይሮዴክስ የሚባል ምትክ ባሩድ መጥቶ ብዙዎች ተገላገልን ብለው ነበር። በውስጡ ፖታሲየም ፐርክሎሬት ስላለበት ሲነድ የሚተወው ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ማለት የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ብረት ላይ ያለው ጭካኔም ያው ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ውኃ ነው። ይህን ለማመን አዲስ ገቢ የሆነ ሰው ይቸገራል። ብረትና ውኃ ጠላት ናቸው ተብሎ አድጓል፤ ከሱቅ የገዛው ባለ ቀለም ጠርሙስም ሁሉን አሟሟለሁ ይለዋል። ጨው ግን በዘይት አይሟሟም፤ በውኃ ይሟሟል። ውድ ዋጋ የሚያወጡት ጠርሙሶች ጀርባቸው ሲነበብ አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ጥሩ ሽታ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ የተደረገበት ለብ ያለ ውኃ ሥራውን ይሠራል።

አሠራሩ እንደ ጠመንጃው ዓይነት ነው። ቱቦው ከእንጨቱ በአንድ ሽብልቅ የሚላቀቅ ከሆነ ታችኛው ጫፍ ሳፋ ውስጥ ይቆማል፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይጠመጠምና ከላይ ወደ ታች ይሰደዳል። ዘንጉ ሲሳብ ውኃው በእሳት መግቢያዋ ቀዳዳ ይጠባል፣ ሲገፋ ተመልሶ ይተፋል። ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ መጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ አሻሮ ይመስላል። ረጅሞቹ የድሮ የፔንሲልቬንያ ጠመንጃዎች፣ እነዚያ የጀርመን ስደተኞች በላንካስተር አካባቢ ይሠሯቸው የነበሩት፣ በቀጫጭን ሚስማር ከእንጨታቸው ጋር ስለተያያዙ በየጊዜው አይፈቱም። ለእነሱ ቀዳዳዋ በስንጥር ትወተፍና ውኃው በአፈሙዙ ይንቆረቆራል፤ ጥቂት ቆይቶ ተገልብጦ ይደፋል።

በዚህ መካከል ቤቱን አንድ ሽታ ይሞላዋል። ከባሩዱ ድኝ የተረፈው ሰልፋይድ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ የታወቀ ነው።

"ዛሬም የበሰበሰ እንቁላል ልትጠብስልን ነው?" ትላለች ሚስት ከሳሎን።

"ኬሚስትሪ ነው፣ የኔ ቆንጆ።"

"ኬሚስትሪህን ጋራዥ ውሰደውና እዚያው ይግማ።"

ብዙ የባልጩት አዳኞች በጥር ብርድ ጋራዥ ውስጥ ቆመው ጠመንጃ የሚያጥቡት በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው።

ውኃው ይፍላ ወይስ ለብ ይበል የሚለው ክርክር ወዳጆችን አጣልቷል። የፈላ ውኃ ወገኖች ማስረጃ አላቸው። በዓለም ጦርነቶች ጊዜ የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ተኩሶ ሲመለስ በጠመንጃው ቱቦ የፈላ ውኃ ያፈስ ነበር፤ በዚያ ዘመን እሳት የሚጭረው የጥይቱ ካፕሱል የሚተወው ጨው በሌላ አይለቅምና። የጋለ ብረትም ቶሎ ይደርቃል ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የጋለ እርጥብ ብረት ዓይን እያየው ቀጭን ዝገት ያወጣል። ለብ ያለው ይሻላል። ውኃው የሚያሟሟው ጨው ነው፤ ለዚህ መፍላት አያስፈልገውም።

ከዚያ ማድረቅ ይመጣል። ጨርቅ ይገባል፣ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሌላ ይገባል፣ ግራጫ ይወጣል። ያረጁ ካናቴራዎች ሁሉ በዚህ ወቅት ያልቃሉ፤ ያላረጁትም ቢሆኑ ደህንነታቸው አያስተማምንም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ዘይት ይቀባና "አለቀ" ይባላል። አላለቀም። የተቦረቦረ ቱቦ ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ያልታጠበ ጠመንጃ አስቀምጠው አይደለም፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀብተው በማግስቱ ተመልሰው ያላዩ ናቸው። በማግስቱ የሚገባው ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ከወጣ በጥልቁ የተደበቀ ጨው አለ ማለት ነው፤ ሥራው ከሳፋው ይጀመራል። የአደን ወቅት ካለፈ በኋላም በየወሩ አንድ ጨርቅ ማስገባት የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ስለ ዘይቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሰዎች ብረት ላይ ያልቀቡት ነገር የለምና። በጫካ የኖሩት የአሜሪካ አዳኞች የድብ ስብ ይቀቡ ነበር። የአጋዘን ሞራ ከሰም ጋር ቀልጦ እርሳሱን የሚጠቀልለው ጨርቅ ይታሽበት ነበር። ከዓሣ ነባሪ ራስ የሚወጣው ዘይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ንግዱ አሜሪካ ውስጥ እስኪታገድ ድረስ ለጠመንጃ የከበረ ዕቃ ነበር። ባሊስቶል የተባለው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1904 ያወጡት ዘይት ዛሬም በየመደርደሪያው አለ። ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ወተት ስለሚመስል አሜሪካኖች ይህን መሰሉን ቅልቅል ሁሉ የሙስ ወተት ይሉታል፤ ሙስ ግዙፉ የአጋዘን ዘመድ ነው፣ በጉዳዩ ላይ ግን አልተጠየቀም። የመኪና ዘይት የመሰለ የነዳጅ ዘር ዘይት ብቻ ቱቦ ውስጥ እንዲቀር አይፈለግም። ከጥቁር ባሩድ ጋር ሲነድ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ቆሻሻ ይፈጥራል።

የጠመንጃ ቅባት የቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ያልቀረበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ቅጥር የነበሩት ወታደሮች ኤንፊልድ የተባለው አዲስ የአፈሙዝ ጠመንጃ መጣላቸው። ባሩዱና እርሳሱ የታሸጉበት ወረቀት ቅባት የተቀባ ሲሆን ወታደሩ በጥርሱ ቀዶ ማጉረስ ነበረበት። ቅባቱ የላምና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ላም ለሂንዱው፣ አሳማ ለሙስሊሙ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ብሶቱ ድሮም ተከማችቶ ነበር፤ ወረቀቱ ክብሪት ሆነና ሰሜን ሕንድ በዓመፅ ነደደች።

ይኸው ኤንፊልድ ወደ እኛም መጥቷል፤ ግን ተቀይሮ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1866 የቱቦውን ታችኛ ጫፍ ቆርጠው ማጠፊያ ያለው መክደኛ ገጠሙለትና ከኋላ የሚጎርስ አደረጉት፤ ስሙም ስናይደር ሆነ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በመቅደላ ግርጌ፣ አሮጌ ላይ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአፈሙዝ በሚጎረሱ ጠመንጃዎችና በጦር የገጠመው ይህንን ነው። አንዱ ቆሞ ባሩድ ሲያፈስ፣ ጨርቅ ሲጠቀጥቅ፣ ሌላው መክደኛ ከፍቶ ይዘጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖልም የሚጎርሰው በአፉ ነበር። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ አሁንም መቅደላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ለዚያ አፍ የሚበቃ የመወልወያ ጨርቅ አንድ ሙሉ ጋቢ ሳይፈልግ አይቀርም።

ወደ ፔንሲልቬንያ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያውን የሞላ አንድ ተስፋ ነበር። "ውኃና ሳሙና ተዉ፤ በእኛ የተፈጥሮ ቅባት ቱቦውን አሟሹት፤ ከዚያ ወዲያ አይዝግም" የሚል። ነገሩ ማራኪ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ሲሟሽ ያየ ሰው ሁሉ "እውነት ነው" ይላል። ሸክላ ምጣድ ግን ጎመን ዘሩን የሚጠጣ ቀዳዳ አለው፣ የጠመንጃ ብረት የለውም፤ ሻካራው የብረት መጥበሻም ቢሆን ቅባቱን የሚይዘው በእሳት ላይ ደጋግሞ ሲጋገርበት ነው። በቅባት ብቻ የታመኑት ባለ ጠመንጃዎች ያሟሹት ጨውን ነበር፤ ከቅባቱ ሥር ጥላሸቱ፣ ከጥላሸቱ ሥር ዝገቱ በሰላም ኖረ። ቅባቱ እርሳስ የሚጠቀለልበትን ጨርቅ ለማራስ ጥሩ ነው። ከዚያ ያለፈው የማስታወቂያ ሥራ ነው።

በአፈሙዝ ከሚጎረሱት ጠመንጃዎች መካከል ዘመናዊ ነን የሚሉም አሉ። ሚዙሪያዊው ጠመንጃ ሠሪ ቶኒ ናይት እ.ኤ.አ. በ1985 ካፕሱሉ ከባሩዱ ጀርባ በቀጥታ የሚቀመጥበትን ዓይነት ገበያ ካወጣ ወዲህ ብዙ ግዛቶች ውስጥ አዳኞች ይህንን ይመርጣሉ። ፔንሲልቬንያ በገናው ማግስት ወቅት አታስገባውም። የኋላው ብሎን ስለሚፈታ ቱቦው ከወዲያ ወዲህ ያሳያል፤ ማጽዳቱም ቀላል ነው። ባለቤቶቹ በባለ ባልጩቶቹ ላይ ትንሽ ይኮራሉ። ኩራቱ የሚቆየው ብሎኑ እስከተፈታ ነው። ሳይፈታ የከረመ ብሎን ከቱቦው ጋር ይጋባል፤ ከዚያ በኋላ በመዶሻም በጸሎትም አይለይም። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀባል፣ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመው ነጭ የቴፍሎን ፕላስተር ይጠመጠማል።

ከሁሉም በኋላ ማስቀመጥ አለ። እዚህ ላይ ፊልሞች ሰውን አሳስተውታል። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ያምራል፤ ከታች የሚነሣው ሙቀት ግን እንጨቱን ያደርቅና ይሰነጥቃል። ቆንጆ የቆዳ ማህደር ውስጥ የከረመ ብረት ቆዳው ከተለፋበት ጨው ድርሻውን ይወስዳል። በስፖንጅ የተለበጠ ሣጥንም እርጥበቱን አቅፎ ያስቀምጣል። አየር በሚያገኝ፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ደረቅ ቦታ፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማቆም ይሻላል። ሽቅብ የቆመ ጠመንጃ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና ባሩዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይጠራቀማል፤ ሲተርፈው ወደ እንጨቱ ሰርጎ ያበሰብሰዋል። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡት "አይበላም" የሚል የተጻፈባቸው ትናንሽ ከረጢቶች ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ ከመጣላቸው በፊት እዚህ ያገለግላሉ፤ እርጥበት ይጠጣሉ።

ዘይቱ በሚቀጥለው አደን ዋዜማ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ ባሩድ ዘይት ከጠጣ አይነድም። አልኮል በነካ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ሣህኗና ቀዳዳዋ ይደርቃሉ። ጠመንጃው ሳይተኮስ ከአንድ አደን ቀን ወደ ሌላው ሲሻገሩ ደግሞ ጎረቤትን የሚያስገርም ልማድ አለ። ከበረዶ የመጣ ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት ሳሎን ሲገባ ላብ ያልበዋል፤ ያ ላብ ቱቦው ውስጥ ያለውን ባሩድ ያረጥበዋል። ስለዚህ ጠንቃቃው አዳኝ ሣህኗን ያራግፍና ጠመንጃውን በተቆለፈ ብርዳማ ጋራዥ ያሳድራል። እሱ ራሱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳሎን ያድራል።

የቀረው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ጎርሷል ወይስ ባዶ ነው? ዘመናዊው ጠመንጃ ሲከፈት ይታያል። የአፈሙዙ ጠመንጃ አይከፈትም፣ አይናገርም። እዚያው ፔንሲልቬንያ፣ ጌቲስበርግ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 ከተደረገው ውጊያ በኋላ ከሜዳው የተለቀሙት ጠመንጃዎች ከ27,000 በላይ ነበሩ። 24,000 ያህሉ እንደጎረሱ ነበር። ከእነዚህ 12,000 ያህሉ ሁለት ጊዜ፣ 6,000 ያህሉ ከ3 እስከ 10 ጊዜ የጎረሱ ነበሩ። አንዱ ውስጥ በላይ በላዩ የተጠቀጠቀ 23 ጉርሻ ተገኝቷል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ወታደሩ የራሱ ጠመንጃ አለመተኮሱን አላወቀም፤ እየጨመረ ሄደ። የዛሬዎቹ አዳኞች በዚህ ለመሳቅ ድፍረቱ የላቸውም። ባሩዱን ረስቶ እርሳሱን ብቻ የጠቀጠቀ፣ ከዚያም በእሳት መግቢያዋ ቀዳዳ ፍሬ በፍሬ ባሩድ ሲያስገባ የዋለ ሰው በየማኅበሩ አለ።

መፍትሔው ዘንጉ ነው። ቱቦው ባዶ መሆኑ በተረጋገጠበት ቀን ዘንጉ እስከ ታች ይሰደድና አፈሙዙ ጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ምልክት ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ገብቶ ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ።

ዕድሜ ደግሞ ዋስትና አይሆንም። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሴንትራል ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሰጠመ የእንግሊዝ የጦር መርከብ የወጣ መድፍ ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ሠራተኞች ዝገቱን ሊያጸዱ አፉን ሲከፍቱ ውስጡ ከ800 ግራም በላይ ባሩድና አንድ የብረት አረር አገኙ፤ ፖሊስ ተጠርቶ ባሩዱን አወጣው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የተረፈ አረር ያጸዳ የነበረ ሰብሳቢ አረሩ ፈንድቶ ሕይወቱ አልፏል። ጥቁር ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ዘመን አይቆጥርም።

እንግዲህ ፔንሲልቬንያ ሄዶ አጋዘን የማደን ሐሳብ የሌለው አንባቢ ቢኖርም፣ ከቅድመ አያት የወረደ የአፈሙዝ ጠመንጃ በቤተሰቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። ለበዓል አውርደው ከመወልወልዎ፣ ልጆችም ይዘውት ፎቶ ከመነሣታቸው በፊት፣ አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩ ባለበት ይተዉትና ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ዘንግ አስገብቶ እንዲለካው ያድርጉ።